የካፓብላንካ ንጉሥ ወታደሩን ለምን አልበላም? ስለ ቀደምት የቼዝ ጌቶች ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጸሐፊ የቀደሙትን የቼዝ ጌቶች ጨዋታዎች በኮምፒውተር አስመርምረው የደረሱበትን ድምዳሜ አስነብበውናል። ጽሑፋቸው ጥርት ባለ ቋንቋ የቀረበና የተደከመበት ስለሆነ ብዙ ሰው ተቀባብሎታል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው። በመሥዋዕትነት ዝነኛ የሆኑት ጥንታዊ ጨዋታዎች በስሕተት የተሞሉ ናቸው። የጥንቶቹ ሻምፒዮኖች በአማካይ ትክክለኛነት ሲመዘኑ ዛሬ ካለ ጎበዝ የክለብ ተጫዋች አይሻሉም። ያሸነፉትም ተጋጣሚዎቻቸው ደካማ ስለነበሩ ነው። ስለ ጨዋታ መጨረሻ ያስተማሩትን ኮምፒውተር አፍርሶታል። ስለዚህ ልጆቻችን በእነዚህ ጨዋታዎች ላይ ጊዜያቸውን አያጥፉ፤ ስልካቸው ላይ ያለው ፕሮግራም ይበቃቸዋል።

እኔም ያንኑ ፕሮግራም በየቀኑ እከፍታለሁ። ከኮምፒውተር ጋር ጠብ የለኝም፤ ከእኔም ከእርሳቸውም፣ ከየትኛውም የዓለም ሻምፒዮን በላይ እንደሚጫወት አውቃለሁ። ነገር ግን ያንኑ ስክሪን አይቼ የተረዳሁት ከእርሳቸው የተለየ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልጆች ስለማስተምር ደግሞ የመጨረሻው ምክራቸው ዝም እንድል አልፈቀደልኝም። ነጥቦቹን እርሳቸው ባስቀመጡበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻ ያደረጉት አዶልፍ አንደርሰን በ1851 ለንደን ላይ ከሊዮኔል ኪዘሪትስኪ ጋር የተጫወተውንና «የማይሞተው ጨዋታ» የሚባለውን ነው። አንደርሰን አንድ ጳጳስ፣ ሁለቱንም ግንቦችና ንግሥቱን ሰጥቶ በሁለት ፈረስና በአንድ ጳጳስ ማት አደረገ፤ የጥቁሩ ንጉሥ ማምለጫ አጣ። ጸሐፊው እንደሚሉት ማሽኑ በ18ኛው እርምጃ ላይ ቀይ የስሕተት ምልክት ያሳያል። እውነታቸውን ነው። ጳጳሱን ወደ ዲ6 (የሰሌዳው ቤቶች በዓምድ ፊደልና በረድፍ ቁጥር ይጠራሉ) ከማስገባት የተሻሉ፣ ጸጥ ያሉ እርምጃዎች ነበሩ። ኪዘሪትስኪም በጳጳሱ ግንብ ለመብላት ባይቸኩል፣ አስቀድሞ በንግሥቱ የማዕዘኑን ግንብ በቼክ (ንጉሡን እያስፈራራ) በልቶ ወደ መከላከያ ቢመልሳት ኖሮ ጨዋታው ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ።

ያልተቀበልኩት ምርመራው እዚያ ላይ መቆሙን ነው። ቀጣዩን እርምጃ ይመልከቱ። ጥቁሩ አንድ ግንብ በልቷል፤ ንግሥቱ ሁለተኛውን በቼክ ልትበላ ተዘጋጅታለች። አንደርሰን በዚህ ሰዓት ቼክ አይልም፣ ምንም ነገር አይበላም፤ አንድ ወታደር ወደ ኢ5 ይገፋል። ያች ወታደር የቆመችው የጥቁሩ ንግሥት ከማዕዘኑ ሆና የንጉሧን ደጅ በምትጠብቅበት ሰያፍ መስመር ላይ ነው። መስመሩ ተዘጋ። ንግሥቲቱ ግንቡን በልታ እዚያው ማዕዘን ውስጥ፣ ከቤቷ ርቃ ቀረች። ያ በ18ኛው እርምጃ ላይ የቀላው ማሽን 19ኛው ላይ ሲደርስ «ይህ ያሸንፋል» ይላል። ጨዋታው ደግሞ በውድድሩ ወቅት በመዝናኛነት የተደረገ እንጂ የውድድሩ አካል አልነበረም። የቼዝ ሰዓት እንኳ በውድድር ላይ የዋለው ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1883 ነው። ሁለት ሰዎች ለጨዋታ ፍቅር ተቀምጠው ያደረጉትን ነገር ዘመኑን ሁሉ የሚወክል የፈተና ወረቀት አድርጎ ማቅረብ ሚዛኑን ያዛባል።

የሚካኢል ታልንም ጨዋታ አንስተዋል። በ1960 ሞስኮ ላይ ከቦትቪኒክ ጋር ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲጋጠሙ፣ በስድስተኛው ጨዋታ ታል በጥቁር ሆኖ ፈረሱን ኤፍ4 ላይ ሠዋ። ተመልካቹ በጩኸት አዳራሹን ስላናወጠው ተጫዋቾቹ ወደ ኋላ ክፍል ተወስደው ጨዋታውን እዚያ ቀጠሉ። መሥዋዕቱ ፍጹም እንዳልነበረ፣ ቦትቪኒክ ትክክለኛውን መልስ ቢያገኝ ኖሮ እርሱ ይሻለው እንደነበር የታወቀው ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ተንታኞች ወዲያው አግኝተውታል። ታልም መሥዋዕቶቹ ሁሉ በስሌት የተረጋገጡ ናቸው ብሎ አያውቅም። ቦትቪኒክን ያህል ሰው ሰዓቱ እየቆጠረ መልሱን እንዲያገኝ አስገደደው፤ ቦትቪኒክም አላገኘውም። ማሽን አይደነግጥም፣ አይደክምም፣ የተመልካች ጩኸት አይሰማውም። ስለዚህ ከማሽኑ የምናገኘው መልስ «ሰሌዳው ላይ ምን ነበር?» ለሚለው ጥያቄ ነው። «ቦትቪኒክ ፊት ምን ነበር?» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ያ ጥያቄ ግን የቼዝ ግማሽ አካል ነው። በአገራችን ባህላዊ ቼዝ፣ በሰንጠረዥም፣ በምን ጠጠር ማት እንደተደረገ ይታይ ነበር። በግንብ ወይም በፈረስ የተደረገው ማት እንደ ተራ ነገር ሲቆጠር፣ በፊል (በጳጳሱ ቦታ በሚቆመው ጠጠር) ወይም በወታደር የተደረገው ይወደስ ነበር። ማሸነፍ ብቻውን ሙሉ ሚዛን እንዳልሆነ አባቶቻችን ያውቁ ነበር።

ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ግን ምርጫቸው ነው። የሚሰነጠቁትን ጨዋታዎች ለይተው አወጡ፤ የጸኑትን ዘለሉ። አኪባ ሩቢንስታይን በ1907 ዉጅ ከተማ ላይ ከሮትሌቪ ጋር ያደረገው ጨዋታ የት ሄደ? ንግሥቱ እየተበላች ግንቡን ሲ3 ላይ ያስገባበት፣ ቀጥሎም ሌላኛውን ግንብ ዲ2 ላይ እንካችሁ ያለበት ጨዋታ! ዛሬ ያለውን ፕሮግራም በፈለጉት ጥልቀት ያስኬዱት፤ መስመሩ አይነቃነቅም። የ13 ዓመቱ ቦቢ ፊሸር በ1956 ኒው ዮርክ ላይ ከዶናልድ በርን ጋር ሲጫወት በ17ኛው እርምጃ ንግሥቱን ትቶ ጳጳሱን ወደ ኢ6 መለሰ፤ የማሽኑም የመጀመሪያ ምርጫ ይኸው ነው። ፖል ሞርፊ በ1858 ፓሪስ ኦፔራ ቤት ውስጥ በ17 እርምጃ የጨረሰው ጨዋታ ላይ ማሽኑ ያለው ቅሬታ ቢኖር በስምንተኛው እርምጃ ላይ ይበልጥ የሚያተርፍ መንገድ ነበር የሚል ነው። ሞርፊ የተጋጣሚውን ወታደር ከመልቀም ይልቅ ፈረሱን ማውጣትን መረጠ፤ አሸነፈም። ይህ ስሕተት ከተባለ ስሕተት የሚለው ቃል ትርጉም አጥቷል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። የጽሑፉ አከርካሪ ይህ ነው፤ ብዙ አንባቢም የተሸነፈው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ቁጥር ሲደረደር ሰው ዝም ይላል። ጸሐፊው የእያንዳንዱን ጌታ ጨዋታዎች በፕሮግራም አስልተው፣ በእያንዳንዱ እርምጃ የጠፋውን ዋጋ አንድ ወታደርን እንደ መቶ ነጥብ ወስደው ቆጥረው፣ አማካዩን አውጥተው ደረጃ ሰጡ። ቁጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል። የተለካው ነገር ግን እርሳቸው የሚሉት አይደለም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። አንድ ተጫዋች አንድ ሙሉ ግንብ በልጦ ይዟል እንበል። ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በብዙ ውስብስብ ቼኮች አልፎ በ11 እርምጃ ማት ያደርጋል። ሌላው ንግሥቶቹን ቀያይሮ፣ ወታደሩን በእርጋታ ወደ ንግሥትነት ያደርሳል። ሰው ሁሉ፣ ካፓብላንካም፣ ሁለተኛውን ይመርጣል፤ መምረጥም አለበት። ማሽኑ ግን ከማት ወደ አምስት ወታደር ብልጫ ወረደ ብሎ ትልቅ ኪሳራ ይመዘግብበታል። ያሸነፈው ሰው፣ ያለ ምንም አደጋ ያሸነፈው ሰው፣ በአማካዩ ላይ እንደ ደካማ ይታያል። የጥንቶቹ ጌቶች ውበት ትልቁ ክፍል ደግሞ በትክክል ይህ ነው፤ የተሸነፈን ሰው ምንም ዓይነት መውጫ ሳይሰጡት ማድረቅ።

በተቃራኒው የዛሬውን ተጫዋች ይመልከቱ። የመጀመሪያዎቹን 15 ወይም 20 እርምጃዎች ከቤቱ አጥንቶ ነው የሚመጣው፤ ያስጠናው ደግሞ ራሱ ኮምፒውተሩ ነው። እነዚያን እርምጃዎች በኮምፒውተር መለካት ማለት ተማሪው የመልስ ወረቀቱን ገልብጦ ሲያስረክብ «መቶ ከመቶ» ማለት ነው። የቀድሞዎቹ የዓለም ሻምፒዮኖች ላስከርና አሌኻይን ያንን ወረቀት አላዩትም። እያንዳንዱን እርምጃ ራሳቸው ፈልገው ነው ያገኙት።

ይህን ችግር አስቀድመው ያዩ ሰዎች አሉ። በስሎቬንያ የሚገኘው የሉብሊያና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማቴይ ጉይድና ኢቫን ብራትኮ በ2006 የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያዎችን ብቻ ወስደው ክራፍቲ በተባለ ፕሮግራም መረመሩ። የመክፈቻ ጥናት ውጤቱን እንዳያዛባ ከ12ኛው እርምጃ ጀመሩ። አሸናፊው ቀድሞ የታወቀባቸውን አቀማመጦች ከሂሳቡ አወጡ። የአቀማመጡን ውስብስብነት ለብቻው ለኩ። ታዲያ አነስተኛ ስሕተት የተገኘበት ማን ሆነ? ከሁሉም ሻምፒዮኖች መካከል በ1921 ሀቫና ላይ ላስከርን አራት ጊዜ አሸንፎ፣ አሥር ጊዜ አቻ ወጥቶ፣ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ዘውዱን የወሰደው ሆሴ ራውል ካፓብላንካ። ጸሐፊው ስለ ኮምፒውተር ፍርድ ሲጽፉ ይህን እጅግ የታወቀ ምርመራ አለመጥቀሳቸው አስገርሞኛል።

እዚህ ላይ ግን እኔም መጠንቀቅ አለብኝ፤ የሚጥመኝን ቁጥር ብቻ አንሥቼ ብሄድ እርሳቸውን የወቀስኩበትን ጥፋት መድገሜ ነው። ክራፍቲ ያኔ የሚያየው 12 ግማሽ እርምጃ (የነጭና የጥቁር ተራ ለየብቻ ሲቆጠር) ወደፊት ብቻ ነበር፤ ከሚዳኛቸው ሰዎች ያነሰ ነው ብለው ብዙዎች ተቃውመዋል፤ ተቃውሟቸውም ፍሬ ያለው ነበር። ካፓብላንካ ጥርት ያለ፣ ያልተወሳሰበ ጨዋታ ይመርጥ ስለነበር ለስሕተት የተጋለጠውም ያነሰ ነው። በዚያው ጥናት የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ስታይኒትዝ መጨረሻ ወጥቷል። ስለዚህ «ካፓብላንካ ከሁሉም ይበልጣል» አልልም። የምለው ይህ ነው፦ ጥንቃቄ የተሞላበት መለኪያ ሲመጣ የ1921 ሻምፒዮን ከክለብ ተጫዋች ጋር ተራ አልያዘም፤ ከላይ ተቀመጠ። የጸሐፊው አማካይ ግን ሁለቱን አንድ ደረጃ ላይ አስቀምጧል። ከሁለቱ መለኪያዎች የትኛው እንደተበላሸ ለመናገር የሂሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

የዛሬዎቹ ይበልጣሉ? አዎ፣ ይበልጣሉ። የዓለም ሻምፒዮኑ ካርልሰን በ2021 ዱባይ ላይ ከኔፖምኒያሺ ጋር ባደረገው ስድስተኛ ጨዋታ 136 እርምጃ፣ ከሰባት ሰዓት በላይ ተጫውቶ ሲያሸንፍ ያየ ሰው የሰው ልጅ በቼዝ ምን ያህል እንደራቀ ይገባዋል። ይህን መካድ አልፈልግም። ግን ካርልሰን ራሱ የቆመው በማን ትከሻ ላይ ነው?

በዚሁ ነጥብ ላይ የሚጎድል አንድ ነገር አለ። ጸሐፊው «ኮምፒውተሩ» ሲሉ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ፍርድ የሚሰጥ አንድ ዳኛ ያለ ያስመስላሉ። የትኛው ኮምፒውተር? በ1997 የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን 3.5 ለ2.5 ያሸነፈው ኮምፒውተር ዲፕ ብሉ በሴኮንድ 200 ሚሊዮን ያህል አቀማመጥ ያይ ነበር። በ2017 አልፋዜሮ የተባለው ፕሮግራም ቼዝን ከራሱ ጋር በመጫወት ብቻ ተምሮ፣ ስቶክፊሽ የተባለውን ሌላ ፕሮግራም በመቶ ጨዋታ 28 ጊዜ አሸንፎ፣ 72 ጊዜ አቻ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ ሲወጣ የባለሙያው ሁሉ ዓይን የተከፈተው ለምን ነበር? ወታደር ይሰጥ፣ ጠጠር ይሰጥ ነበር፤ ወዲያው የሚታይ ትርፍ ሳይኖረው። በ2020 ስቶክፊሽም የነርቭ መረብ (ከብዙ ምሳሌ የሚማር ስሌት) ተጨመረለትና የአቀማመጥ ሚዛኑ ተለወጠ። ዳኛው ራሱ ሐሳቡን ሲቀይር ኖሯል ማለት ነው።

ቲግራን ፔትሮስያን በ1953 ዙሪክ ላይ ከሳሙኤል ረሼቭስኪ ጋር ሲጫወት ነጩ በመሐል ሁለት ወታደሮች አስልፎ ሊያጥለቀልቀው ነበር። ፔትሮስያን ግንቡን ወስዶ ኢ6 ላይ፣ ጳጳስ የሚበላው ቦታ ላይ አቆመው። ለምን? ፈረሱ ዞሮ ዲ5 ላይ እንዲደርስ ቦታ ያስፈልገው ነበር። ግንቡ ተበላ፤ ፈረሱ ደረሰ፤ የነጩ ወታደሮች ባሉበት ደረቁ፤ ጨዋታው በ41ኛው እርምጃ አቻ ተፈጸመ። ጠጠር በመቁጠር የሚዳኝ ፕሮግራም ይህን ሲያይ ኪሳራ ብቻ ይታየዋል። የዛሬዎቹ ግን ለእንዲህ ያለው መከለያ ዋጋ መስጠት ተምረዋል። ፔትሮስያን ያለ ማሽን ያየውን ለማየት ማሽኖቹ አሠርት ዓመታት ፈጀባቸው። ጸሐፊው ከ20 ዓመት በፊት ያንኑ ጽሑፍ ቢጽፉ ኖሮ ይህንንም በስሕተት ዝርዝር ውስጥ ባስገቡት ነበር።

ተጋጣሚዎቻቸው ደካማ ነበሩ ለሚለው ረጅም መልስ አያስፈልገውም። ላስከር በ1924 ኒው ዮርክ ላይ፣ በ55 ዓመቱ፣ ካፓብላንካን ሁለተኛ አሌኻይንን ሦስተኛ አድርጎ አንደኛ ወጣ። ሦስቱ ደካማ ከነበሩ ጠንካራው ማን ነበር? በ1918 ደግሞ ፍራንክ ማርሻል ዛሬም በስሙ የሚጠራውንና እስካሁን ታላላቆቹ የሚጫወቱትን ጥቃት አዘጋጅቶ በካፓብላንካ ላይ ከፈተው። አንዱ አስቦ አዘጋጅቶ መጥቷል፤ ሌላው ባላሰበው ጫካ ውስጥ ገብቷል። ካፓብላንካ ወታደሩን ተቀብሎ፣ ማዕበሉን በእርምጃ በእርምጃ ተቋቁሞ አሸነፈ። በ14ኛው እርምጃ ላይ የቀረበለትን ፈረስ ቢበላ ይሸነፍ ነበር፤ ንግሥቱን ወደ ኤፍ3 አወጣ። በ16ኛው ላይ ያው ፈረስ ኤፍ2 ላይ ገብቶ እንደገና ቀረበለት፤ አሁንም አልበላም፣ ግንቡን ወደ ኢ2 አነሣ። ማሽኑ ሁለቱንም ያጸድቃቸዋል። ደካማ ተጋጣሚ ላይ የተገኘ ድል እንዲህ አይመስልም።

አራተኛው ነጥብ ደስ የሚለኝ ነው፤ ምክንያቱም በጨዋታ መጨረሻ ላይ ግምት የለም። ሰሌዳው ላይ ሰባት ጠጠር ወይም ከዚያ በታች ሲቀር የእያንዳንዱን አቀማመጥ ቁርጥ ውጤት የያዘ ማኅደር አለ። የሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2012 ሰባት ጠጠር ላይ ደርሰዋል። ይህ ማኅደር አይዳኝም፣ ያውቃል። ጸሐፊው የጥንቶቹን ትምህርት አፈራርሷል ያሉት ይህ ማኅደር ነው።

አንድ ቦታ ላይ በእርግጥ አፍርሷል፤ ትልቅ ቦታ ላይ። ሁለት ጳጳስ ከአንድ ፈረስ ጋር ሲጋጠሙ ፈረሱ የሚመሽግበት አቀማመጥ አለ፣ ውጤቱም አቻ ነው ተብሎ ከ1851 ጀምሮ የቼዝ ተንታኞቹ ክሊንግና ሆርዊትዝ ባስተማሩት መሠረት ይታመን ነበር። በ1983 የኮምፒውተር ባለሙያው ኬን ቶምሰን በኮምፒውተር አስልቶ ባለ ሁለት ጳጳሱ በአብዛኛው እንደሚያሸንፍ አሳየ። 132 ዓመት የቆየ እምነት ወደቀ። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ደስ እያለኝ ነው፤ እውቀት እንዲህ ነው የሚያድገው።

ግን የጸናውስ? የ18ኛው ክፍለ ዘመን የቼዝ ጌታ ፊሊዶር በ1777 ግንብና ወታደር በግንብ ላይ ሲመጡ እንዴት አቻ እንደሚያዝ አስተማረ፤ ማኅደሩ «ልክ ነው» ይላል። አሌክሲ ትሮይትስኪ የሚባል ሩሲያዊ የደን ሠራተኛ ነበር። ሁለት ፈረሶች ብቻቸውን ማት ማስገደድ እንደማይችሉ ይታወቃል፤ ተጋጣሚው አንድ ወታደር ሲኖረው ግን ነገሩ ይለወጣል፣ ወታደሩ ለባለቤቱ ጥፋት ሊሆን ይችላል። ትሮይትስኪ ወታደሩ የት ድረስ ከተያዘ ፈረሶቹ እንደሚያሸንፉ በእጁ፣ በአንድ ሰሌዳና በአንድ እርሳስ፣ ለእያንዳንዱ ዓምድ አወጣ። አንዳንዶቹ መስመሮች ከ50 እርምጃ በላይ ይሄዳሉ። ኮምፒውተር መጥቶ ሲፈትሸው የትሮይትስኪ ሥራ በሚያስደንቅ ሁኔታ ትክክል ሆኖ ተገኘ። ትሮይትስኪ ይህን ሳያይ በ1942 በሌኒንግራድ ከበባ በረሀብ ሞተ። እኔ ይህን ታሪክ ሳስብ ኮምፒውተሩ የፈረደው ለማን እንደሆነ ግልጽ ሆኖ ይታየኛል።

አሁን ለርእሱ ምክንያት ወደሆነው ጨዋታ ልምጣ። ካፓብላንካ ከ1916 እስከ 1924 ስምንት ዓመት ሳይሸነፍ ቆይቶ በ1924ቱ የኒው ዮርክ ውድድር በሬቲ ተሸነፈ። በዚያው ውድድር ከታርታኮወር ጋር ግንብ ከግንብ ጋር የቀረበት መጨረሻ ላይ ደረሰ። የነጩ ግንብ ኤች7 ላይ የጥቁሩን ንጉሥ በኋላ ረድፍ አስሮታል፤ በጂ ዓምድ ላይ አንድ ወታደር አለው። የጥቁሩ ግንብ ግን በነጩ ወታደሮች መሐል ገብቶ ሊለቅም ነው። ሰው ሁሉ የሚያስበው ወታደሮቹን ስለ መከላከል ነው። ካፓብላንካ በ35ኛው እርምጃ ንጉሡን ወደ ጂ3 አነሣ፤ አንዱ ወታደሩ በቼክ ተበላ። ንጉሡ ወደ ኤች4 ሄደ። የጂ ወታደሩ ወደ ስድስተኛው ረድፍ ተገፋ፤ ሌላ ወታደር እንደገና በቼክ ተበላ። ንጉሡ ጂ5 ደረሰ። ሁለት ወታደር ጠፍቷል፤ ንጉሡ ግን ከጠላት ሰፈር ደጃፍ ላይ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ይህን አቀማመጥ ለልጆቹ አስቀምጬ ነበር። አንዱ፣ ገና 12 ዓመቱ፣ ስልኩን ከፍቶ በቅጽበት «ንጉሥ ኤፍ6» አለኝ። ልክ ነው፤ 39ኛው እርምጃ እርሱ ነው። «እሺ፣ ኤፍ5 ላይ ያለው የጥቁር ወታደር ከንጉሡ ጎን ቆሟል፣ ጠባቂ የለውም፣ ሁለት ወታደር አጥተናል። ለምን አንበላውም?» አልኩት። ስልኩን አየ። እኔን አየ። «ስልኩ አልተናገረም» አለ። ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ሁላችንም ሰሌዳው ላይ አቀረቀርን። ግንቡን ወዲያ ወዲህ አደረግነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ ከኋላ ወንበር ተነሥታ ጣቷን ኤፍ5 ላይ አሳርፋ «ይኼ የእነርሱ ወታደር ለእኛ ንጉሥ ግድግዳ ነው፤ ከበላነው ግንባቸው ከኋላ ቼክ ይለናል» አለች። ካፓብላንካ የጠላቱን ወታደር ያልበላው ለንጉሡ ጣሪያ እንዲሆነው ነው። ከዚያ ግንቡ ኤች8 ላይ ማት ሊያደርግ ዛተ፤ ጥቁሩ ንጉሡን አሸሸ፤ የጥቁር ወታደሮች አንድ በአንድ ወደቁ፤ ጨዋታው በ52ኛው እርምጃ አለቀ። ማሽኑ ይህን ሁሉ ያጸድቃል። ግን «ግድግዳ» የሚለውን ቃል ያገኘችው ልጅቱ ናት፤ ያገኘችውም ካፓብላንካ ያንን ጨዋታ ስለተጫወተ ነው።

በአምስተኛው ነጥብ፣ ልጆቻችን የጥንቶቹን ጨዋታ ትተው በፕሮግራም ብቻ ይማሩ በሚለው ምክር የማልስማማው በዚህ ምክንያት ነው። የዛሬዎቹ ታላላቆች የሚጫወቱት ጨዋታ ለጀማሪ ልጅ አስቸጋሪ ነው፤ ሁለቱም ወገን የሌላውን ሐሳብ ገና ከመወለዱ ስለሚያፍኑት ሐሳቡ በሰሌዳው ላይ አይታይም። የ1858 ሞርፊ ግን ጠጠሮቹን በሙሉ አውጥቶ፣ መስመር ከፍቶ፣ ቤቱ ያልወጣን ንጉሥ ሲያጠቃ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ምክንያቱን በገዛ ዓይኑ ያያል። ተጋጣሚው መሳሳቱ ለትምህርቱ ጉድለት አይደለም፤ ስሕተት እንዴት እንደሚቀጣ የሚታየው ስሕተት ሲኖር ብቻ ነው። ልጁ ካደገ በኋላ ፕሮግራሙን ይክፈት፤ ሞርፊ ስምንተኛው እርምጃ ላይ ሌላ ምን ሊያደርግ ይችል እንደነበር ይይ። ያኔ ማሽኑ የሚለው ይገባዋል፤ ምክንያቱም አስቀድሞ የራሱ ጥያቄ አለው።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ ላቅርብ። ሪቻርድ ሬቲ፣ ያ ካፓብላንካን ያሸነፈው ሰው፣ በ1921 ያወጣት አንዲት አቀማመጥ አለች። አራት ጠጠር ብቻ ናት። ነጭ ንጉሡ ኤች8 ማዕዘን ላይ ነው፣ አንድ ወታደሩ ሲ6 ላይ። የጥቁሩ ንጉሥ ኤ6 ላይ ሆኖ ያችን ወታደር ሊይዛት ተቃርቧል፤ የጥቁሩ ወታደር ኤች5 ላይ ናት፣ ለመሮጥ ተዘጋጅታለች። የነጩ ንጉሥ ከሁለቱም ወታደሮች የራቀ ይመስላል፤ የጥቁሯን አይደርስባትም፣ የራሱንም አያድናትም። ፕሮግራምዎን ከከፈቱት ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ብሎ አቻ መሆኑን ይነግርዎታል። እባክዎ አይክፈቱት። ሰሌዳ ያውጡ፣ አራቱን ጠጠሮች ያስቀምጡ፣ ቡና ያስፈሉ፣ ንጉሡ በሰያፍ ሲወርድ ወዴት ወዴት እንደሚቀርብ ይቁጠሩ። ነጭ ይጀምራል፤ አቻ ያወጣል።